በጎ ፈቃደኛው ነጋዴና የመንግሥት ካዝና

ባለፈው ወር ከታሪክና ከሥነ ጽሑፍ ክፍሎች አምስት ሆነን ወደ አቃቂ በሰቃ ወርደን ነበር። የወሰደን ጉዳይ የድሮው የባቡር መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነው። ዋና ከተማው ሊደረስ 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶ ሳለ አቃቂ የባቡሩ ጫፍ ሆና ቆየች ማለት ነው። ይህን እየተነጋገርን መስመሩ ባለፈበት ስንዞር አንድ የፋብሪካ ጡረተኛ አባት አገኙንና «ምን ትማራላችሁ ልጆቼ?» አሉን። «ታሪክ» አልናቸው። «እሱን ለመማር መንግሥት ገንዘብ ያወጣል?» አሉ። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ክርክር ተነሣ። የመንግሥትን ወጪ ቆጥሮ «ይህ ያስፈልጋል፣ ያ ትርፍ ነው» ብሎ የሚፈርድ ማን ይሁን? ከመካከላችን አንዱ «ለነጋዴ ስጡት» አለ። «ነጋዴ ሳንቲም አይጥልም። ደመወዝ ሳይጠይቅ በፈቃዱ ልርዳ ካለ ምን ክፉ ነገር አለው?» ሌላው ደግሞ «ዶሮ ጥሬ ጠብቂ ተብላ!» ብሎ አሳቀን። ክርክሩ ያን ቀን አላለቀም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ትራፊ ነው።

እንግዲህ ከባቡሩ እንጀምር። በዚያ ሐዲድ ላይ የመጣው ዕቃ ሁሉ አቃቂ ከመድረሱ በፊት ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ይቆጠር ነበር፤ የጉምሩኩም ሹም ነጋድራስ ይባላል። ቃሉ ራሱ ታሪክ ነው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች ራስ፣ የሲራራው አለቃ ነበር። ነጋዴዎቹን ይመራል፣ ሲጣሉ ይዳኛቸዋል፣ ለመንግሥትም ቀረጥ ይሰበስብላቸዋል። የንግድን ሰው ለመንግሥት ገንዘብ ጠባቂ ማድረግ ከውጭ የመጣ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በእኛ አገር ማዕረግ የነበረው አሮጌ ልማድ ነው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ገንዘቡን በጅሮንድ ሙሉጌታ ሲይዙ፣ ንግዱና የውጭው ጉዳይ የተሰጠው ለአዲስ አበባው ነጋድራስ ለኃይለ ጊዮርጊስ ነበር።

ታዲያ ልማዱ ምን አተረፈ? መንግሥት በአንድ በኩል ተጠቅሟል። ጸሐፊና መዝገብ ሳያቋቁም ቀረጡን የሚያስገባለት ሰው አገኘ። በሌላ በኩል ግን የነጋድራሱ ኪስና የመንግሥቱ ካዝና የሚለያዩበት ወሰን ደብዛዛ ነበር። በብዙ ቦታ ነጋድራሱ የተወሰነውን ወደ ላይ ካስገባ ስለ ቀረው የሚጠይቀው አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ተረት ከአየር ላይ የወረደ አይደለም። መንግሥት ወጪ የቀነሰ ይመስለው ነበር፤ ወጪው ግን ወደ ባላገሩና ወደ ሲራራ ነጋዴው ትከሻ ተዛውሮ ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደስ የሚል ነገር አለ። የድሬዳዋ ነጋድራስ ከሆኑት መካከል ሁለቱ የብዕር ሰዎች ናቸው። አንደኛው በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ሁለተኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ገብረ ሕይወት አድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው በጀርመን አገር የተማሩ፣ የባቡሩም መንገድ ተቆጣጣሪ የነበሩ፣ በመጨረሻም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ያረፉ ሰው ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ገብረ ሕይወት ማዕረጉን ከውስጥ ያዩት ሰው ናቸው። ቢፈልጉ «ጥሩ ነጋድራስ ይሾም፣ ነገሩ ይስተካከላል» ይሉ ነበር። እንዲህ አላሉም። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ቀደም ባለ ጽሑፋቸው የጠየቁት የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥቱ ገንዘብ እንዲለያይ፣ ግብሩ በገንዘብና በታወቀ ልክ እንዲሆን፣ ጉምሩኩም አንድ ሥርዓት እንዲይዝ ነው። ልዩነቱን ልብ እንበል። ደግ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ የተለየ ካዝናና የታወቀ ልክ ግን ሰው ቢለወጥም ይኖራል። እሳቸው ደግ ሰው ሳይሆን ደንብ ነው የፈለጉት።

አሁን ደግሞ ታክሲው ውስጥ የተነሣውን ሐሳብ በግልጽ ወደ ሞከሩት አገሮች እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1921 የእንግሊዝ መንግሥት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዕዳ ጋር ሲታገል የመንግሥትን ወጪ የሚመረምር የንግድ ሰዎች ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀመንበሩ ሰር ኤሪክ ጌዲስ ከባቡር ኩባንያ ሥራ አስኪያጅነት የተነሡ ሰው ናቸው። ኮሚቴው 87 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀረበ፤ መንግሥት የተቀበለው 52 ሚሊዮን ያህሉን ነው። ሕዝቡም ነገሩን «የጌዲስ መጥረቢያ» አለው። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ልጆች ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የሚል ነበር። በባቡር ኩባንያ መዝገብ ቢታይ ልክ ነው፤ የአምስት ዓመት ሕፃን ትኬት አይገዛም፣ ጭነትም አይልክም። የትርፍ መዝገብ ይህን ሕፃን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም።

ስልሳ ዓመት ቆይቶ አሜሪካኖች ይበልጥ አስፍተው ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ1982 ፕሬዚዳንት ሬገን የኬሚካል ኩባንያ አለቃ የነበሩትን ፒተር ግሬስን ጠርተው የመንግሥትን ብክነት እንዲያድኑ አዘዙ። 161 የኩባንያ መሪዎችና ሥራ አስኪያጆች፣ በጠቅላላው ወደ 2,000 የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ተሰለፉ። ወጪው 76 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ፤ ይህንንም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ቻሉት። በጥር 1984 ያቀረቡት ሪፖርት 47 ቅጽ ነበር፤ በውስጡ 2,478 ምክሮች ሲኖሩ በሦስት ዓመት 424 ቢሊዮን ዶላር ይድናል ይላል። የምክር ቤቱ ሁለት የሒሳብ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ 298 ቢሊዮን ይድንባቸዋል የተባሉትን ዋና ዋና ምክሮች ወስደው መልሰው ቢያሰሉ 98 ቢሊዮን ያህል ብቻ አገኙ። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ምክሮች ብክነትን የሚነኩ አልነበሩም። የጡረታው ልክ ስንት ይሁን፣ ድጎማው ለማን ይሰጥ የሚሉ ነበሩ። ይህ የሒሳብ ስሕተት አይደለም፤ የሕዝብ ውሳኔ ነው። ውሳኔውም የምክር ቤት ስለሆነ አብዛኛው ሪፖርት መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ፍትሐዊ እንሁን። ከነዚያ 2,000 ሰዎች ብዙዎቹ በእውነት አገራቸውን ሊረዱ የመጡ ነበሩ፤ ያገኟቸውም ተደራራቢ ቢሮዎችና ያረጁ የሒሳብ አያያዞች ሐሰት አልነበሩም። ነገር ግን በጊዜው አንድ ጥያቄ ተነሥቶባቸው ነበር፤ ዛሬም መልስ ይፈልጋል። አንድ ኩባንያ የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ራሱ ገብቶ «ትርፍ ነው» ቢል እንዴት እንመነው? ደመወዝ አለመቀበል ጥቅም አለመኖር አይደለምና።

ሦስተኛው ሙከራ የእኛ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በአሜሪካ አዲስ የወጪ ቀናሽ ክፍል ተቋቋመ፤ ፊታውራሪውም የዓለም ቀዳሚ ባለጸጋ ኢሎን ማስክ ሆኑ። ከዚያ በፊት ሁለት ትሪሊዮን ዶላር ይቆረጣል ብለው ነበር። በግንቦት መጨረሻ ሥራውን ትተው ወጡ። በዚያው የበጀት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ጠቅላላ ወጪ ካለፈው ዓመት በለጠ እንጂ አላነሰም። የተቆረጠው ግን ተቆርጧል። የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድርጅት ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ። ይህ ሩቅ አገር የሆነ ነገር እንዳይመስለን። እርዳታው በታገደ በሳምንታት ውስጥ የእኛ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። አንድ የመዝገብ መስመር ዋሽንግተን ላይ ሲሰረዝ እዚህ አገር የመድኃኒት መዝገብ የምትይዝ ሠራተኛ ቤቷ ትገባለች። የቆረጣት ሰው አያውቃትም፤ እሷም እሱን ለመጠየቅ መንገድ የላትም።

አንባቢ «እኛ አገር እኮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ወደ አቃቂ እንመለስ። የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያውያን ጋር በሽርክና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቁሞ ነበር። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወርስ፣ በሌሎች 29 ድርጅቶች ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን አክሲዮን ሲይዝ፣ መንግሥት ራሱ ነጋዴ ሆነ። የአቃቂውም ፋብሪካ የመንግሥት ሆነ። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመንግሥትን ድርጅቶች ወደ ግል የሚያዛውር መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንግሥት የወረሰውን መሸጥ ጀመረ። በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ባለቤት «ኩባንያ» ይባል፣ «መንግሥት» ይባል፣ ያ የጠየቁን ጡረተኛ አባት ማሽኑ ፊት እንደ ቆሙ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ሒሳቡን ማን አሳያቸው? ይህን ስናስብ ጥያቄያቸው ለምን እንዳላሳቃቸው ገባን። ዕድሜያቸውን ሁሉ ወጪ ተብለው የተቆጠሩ ሰው ናቸው።

ከሁሉም ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተደረገው እራት ነው፤ «ገበታ ለሸገር»። የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት መንግሥት 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ፣ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ዕቅድ አወጣ፤ ባለሀብቶችም በአንድ መቀመጫ አምስት ሚሊዮን ብር እየከፈሉ እንዲታደሙ ተጋበዙ። ነጋዴ የመንግሥትን ወጪ በፈቃዱ ሲሸከም በእኛ አገር ከዚህ ጎልቶ የታየበት ቀን የለም። ነገሩን በባዶ አናጣጥልም። በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ ላይ የተመረቁት የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ብዙ ሰው የሚናፈስባቸው ቦታዎች ናቸው።

ነገር ግን የዕቅዱን መንገድ በካርታ ላይ እንከተል። ከእንጦጦ ይነሣል፣ ወደ አቃቂ ይወርዳል። ወንዙ ከላይ ሲነሣ ምንጭ ነው፤ መሐል ከተማ ሲደርስ የቤቱንም የፋብሪካውንም ቆሻሻ ይቀበላል፤ አቃቂ ሲደርስ ያን ሁሉ ተሸክሞ ነው። በዚያ ውኃ ለረጅም ዓመታት አትክልት ሲያለሙ የኖሩ ገበሬዎች አሉ፤ ጎመኑም ተመልሶ የከተማው ገበያ ይገባል። ሪባን የተቆረጠው አስቀድሞ ከላይ፣ እንግዳ በሚያየው በኩል ነው። ስጦታ እንዲህ ነው፤ ሰጪው የሚያየው ቦታ ይቀድማል። በግብር የተሰበሰበ ገንዘብ ቢሆን ግን የአቃቂው ገበሬ «የእኔስ ተራ መቼ ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። በሰው ስጦታ ላይ ማን ይጠይቃል? ስጦታ ምስጋና እንጂ ሒሳብ አይጠየቅበትም።

ስለዚህ ለታክሲው ክርክር ያለን መልስ ይህ ነው። ነጋዴ ይምጣ፤ መቁጠር ያውቃልና ያስተምረን። ነገር ግን ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠየቅ። የራሱ ሥራ በሚነካበት መሥሪያ ቤት ላይ አይፍረድ። የቆጠረው ሁሉ በአደባባይ ይነበብ። የሚቆረጠውን የሚወስነው እሱ ሳይሆን ሕዝብ የሚጠይቀው አካል ይሁን። ይህን ያልነው ነጋዴን ስለ ጠላን አይደለም። ነጋድራሱ ገብረ ሕይወት ከመቶ ዓመት በፊት ንጉሡንም ሳይቀር የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ የግል ኪስና የሕዝብ ካዝና ይለይ፣ ልኩም ይታወቅ። በጎ ፈቃድ መልካም ነው፤ የሕግን ቦታ ግን አይተካም።

የቀረችን አንዲት ነገር ናት። እኛም በዚያ መዝገብ ውስጥ አለን። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ይማራል፤ የበላውንና ያደረበትን፣ ከትምህርቱም ዋጋ ከፊሉን፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይመልሳል። ከዚያ በፊት የነበሩ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ወረቀት አያውቁም። ነገ አንድ ቆጣሪ መጥቶ «ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ምን ያስገባሉ?» ቢል በትርፍ መዝገብ የምናሳየው ነገር የለንም። የምናሳየው ሌላ ነው፤ አንድ አባት አቃቂ ላይ ቆመው ለጠየቁን ጥያቄ መልስ ልንሰጥ ዳተኛ ያልሆንን መሆናችንን ነው። አባባ፣ አዎን፣ መንግሥት ለዚህ ገንዘብ ያወጣል። ገንዘቡም የእርስዎ ነው። በሚቀጥለው ስንወርድ ይህን ጽሑፍ ይዘንልዎ እንመጣለን፤ ትርፍ ከሆነ እርስዎ ይንገሩን።