በአሮጌው ቫልቭ ውስጥ አዲስ ቫልቭ

የተበላሸ የልብ ቫልቭ በሰው ሠራሽ መተካት ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሐኪሞችን ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተተካው ራሱ ያረጀ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። በ1960 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አልበርት ስታርና መሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ በአሜሪካ፣ በኦሪገን፣ ያቀረቡት በብረት ቀፎ ውስጥ ኳስ የያዘ ቫልቭ በቀላሉ የሚያረጅ አልነበረም። ሆኖም ደም ስለሚረጋበት ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ ነበረበት። በዚህ ምክንያት በፓሪስ ዶክተር አሌን ካርፓንቲዬ የዐሣማን ቫልቭ ለቆዳ ማልፊያ በሚያገለግል ኬሚካል፣ በግሉታራልዲሃይድ፣ አጽንተው ለሰው እንዲውል አደረጉ። የመድኃኒቱ ግዴታ ቀለለ፤ እርጅናው ግን መጣ። ከእንስሳ የተሠራው ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ካልሲየም ተጋግሮበት ይደርቃል ወይም ይቀደዳል፤ በወጣቶች ላይ ደግሞ ይፈጥናል።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንደ መጀመሪያው አይደለም። ልብ ከደረት አጥንት ጋር በጠባሳ ተጣብቆ ስለሚገኝ አጥንቱን የሚሰነጥቀው መጋዝ ልብን ሊያቆስል ይችላል። በሽተኛውም በዕድሜ ገፍቷል፤ ሳንባውና ኩላሊቱ ደክመዋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው አይቻልም ተብለው የሚመለሱ ነበሩ።

መውጫው የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የዴንማርኩ ሐኪም ሄኒንግ ሩድ አንደርሰን በ1989 በሽቦ ቀለበት ላይ የሰፉትን ቫልቭ ፊኛ ላይ ጠቅልለው በደም ሥር በኩል ወደ ዐሣማ ልብ አስገቡ፤ ጽሑፋቸው ግን እስከ 1992 ሳይታተም ቆየ። በ2002 በፈረንሳይ፣ በሩዋን ከተማ፣ ዶክተር አሌን ክሪቢዬ ይህንኑ መንገድ ቀዶ ሕክምና በማይችል የ57 ዓመት ሰው ላይ ፈጸሙት። ከዚያ ወዲህ ያረጀውን ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሳያወጡ አዲሱን በውስጡ መክፈት ተከተለ፤ በ2010 የቫንኩቨሩ ዶክተር ጆን ዌብና ባልደረቦቻቸው በ24 በሽተኞች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። እንደ ውዳቂ ይቆጠር የነበረው አሮጌ ቀለበት ለአዲሱ መደላድል፣ በራጅም ላይ ምልክት ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ቱቦን በቱቦ ውስጥ እንደ መክተት ስለሆነ መተላለፊያው ይጠብባል። የአኦርታ ቫልቫቸው ያረጀባቸውን 459 በሽተኞች የተከታተለው፣ በ2014 የታተመው ጥናት ነገሩን በቍጥር አሳየ። ከሁሉም 83.2 ከመቶ ለአንድ ዓመት በሕይወት ሲቈዩ፣ አሮጌው ቫልቫቸው 21 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነው መካከል የቈዩት 74.8 ከመቶ፣ 25 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነው ደግሞ 93.3 ከመቶ ነበሩ። የበሽተኛው ልብ መጥበብ ያስገደደው ካልሆነ በቀር፣ ከዓመታት በፊት ለስፌት የቀለለውን ትንሹን ቫልቭ የመረጠ ሐኪም የኋለኛውን ሕክምና አስቀድሞ አጥብቦታል ማለት ነው። ዛሬ ጠባቡን ቀለበት በከፍተኛ ግፊት ፊኛ የሚሰብሩ አሉ፤ የማይሰበር ዓይነትም አለ።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ቫልቭ የሚጎዳው በአብዛኛው በሩማቲክ ትኩሳት፣ በለጋ ዕድሜ ነው። ልጅ መውለድ የምትሻ ወጣት ዋርፋሪን ጽንሱን ስለሚጎዳ የእንስሳውን ቫልቭ ብትመርጥ ቶሎ ያረጅባታል፤ የዚያ ቫልቭ ስፋትም ወደፊት ሌላ በውስጡ ለመቀበል መቻሉን ይወስናል። የብረቱን ለመረጠች ግን ይህ ዘዴ ከቶ አይሠራም።