መፃጉዕን የሚያነሣው ሰው፤ ሃይማኖትና የነርስነት ትምህርት ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወረታን ያገኛል። ከዚያ አንደኛው መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ በዙሪያው የተዘረጋው አገር የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ እየወረዱ በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁትና ወደ ጣና ይገባሉ። ይህ ውሃ ለታወቀው የፎገራ ከብት ሣር፣ ከ1980ዎቹ ወዲህም ለሩዝ አዝመራ ረድኤት ሆኗል፤ ነገር ግን ከርሱ ጋራ ወባ አለ። በሽተኛው ከመንደሩ ወጥቶ ጤና ጣቢያ በደረሰ ጊዜ ነርሷን የሚጠራበት ስም «ሲስተር» ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ እኅት ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መጠሪያ ከየት እንደ መጣ፣ ከርሱም ጋራ ምን ዓይነት ሃይማኖታዊ ልማድ ወደ ነርስነት ትምህርት እንደ ገባ፣ በመጨረሻም ይኸው ልማድ ነርሶችን ለመሪነት ያበቃቸው ወይስ ያገዳቸው መሆኑን መመርመር ነው። ጸሐፊው በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ስለ ሆነ ለሚስዮኖች ያደላል ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ ቢኖር፣ የቀረበውን ማስረጃ መዝኖ እንዲፈርድ እንለምነዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። በሽተኛን መንከባከብ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አይደለም። በአገራችን ሰው ሲታመም ማኅበርተኛው ይጠይቀዋል፤ ዘመድ ጠበል ይዞት ይሄዳል፤ ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ አብሮት ያድራል። እስላሙም የታመመን መጠየቅ ከእምነቱ ግዴታዎች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤቶቿ ከበው ማርያምን ይለምኑላታል፤ በደኅና ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። እንግዲህ ርኅራኄው ነበረ። የጐደለው ርኅራኄውን ከዕውቀት ጋራ የሚያያይዝ ትምህርት ቤት ነበር። ደም የሚፈሳትን ወላድ በእንባና በጸሎት ብቻ ማዳን እንደማይቻል አዋላጆቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር።

ርኅራኄና ዕውቀት በአንድ ጣራ ሥር እንዲገናኙ በማድረግ ረገድ በአውሮፓ ቀዳሚ ከሆኑት መካከል የሃይማኖት ማኅበሮች ይገኛሉ። በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ከተማ ቄስ ቴዎዶር ፍሊድነር በ1836 የዲያቆናውያት ቤት አቋቁሞ ሴቶችን በሽተኛ ማስታመም ማሠልጠን ጀመረ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 ከዚሁ ቤት ገብታ ተምራለች። በዚያው ዓመት በስቶክሆልም ኤርስታ የተባለው የስዊድን ዲያቆናውያት ቤት ተከፈተ። ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት ከተመለሰች በኋላ በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት ስሟን የያዘው ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ነርስን «እኅት» ብሎ መጥራት በእንግሊዝም፣ በጀርመንም፣ በስዊድንም የቀረ የገዳም ትዝታ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሐኪም ቤት «ቤተ ሳይዳ» ተባለ፤ አስተዳዳሪውም ዶክተር ሐነር የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ነበር። ስሙ በከንቱ የተመረጠ አይመስለንም። የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ያ በሽተኛ በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲተኛ ፈዋሹ ውሃ ከፊቱ ነበር፤ ያጣው አንሥቶ ወደ ውሃው የሚያደርሰው ሰው ነው። የነርስነትን ትርጉም ከዚህ አሳጥሮ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። መድኃኒት በመደርደሪያ ላይ ሞልቶ የሚያነሣ ሰው ከሌለ በሽተኛው መፃጉዕ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሐኪም ቤት ከነፃነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐኪም ቤት ተባለ፤ በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርስ ትምህርት ቤት የተከፈተውም እዚያው ነው። አሁን የካቲት 12 ሆስፒታል ይባላል።

ሙያውን ካስከበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ነርስነት ተምራ በ1939 ምስክር ወረቀቷን ተቀበለች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፏ፣ ይህን ሥራ የአሽከር ሥራ አድርጎ ይመለከት ለነበረው መኳንንት ትልቅ ትምህርት ነበር። ልዕልቲቱ ወደ አገሯ ተመልሳ አግብታ፣ በነሐሴ ወር 1942 በለቀምት ከእርግዝና በተነሣ ሕመም ዐረፈች። ለመታሰቢያዋ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባ፣ ሐኪም ቤቱ በ1951 ከነርስ ትምህርት ቤቱ ጋራ ተከፈተ።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተላለፈው ልማድ ሁለት ወገን ነበረው። አንደኛው ከበሽተኛው አለመለየትና በድኻና በሀብታም መካከል አለማዳላት ነው። ሁለተኛው ታዛዥነት ነው። በ1893 በአሜሪካ በዲትሮይት የተደረሰው፣ በናይቲንጌል ስም የሚጠራው የነርሶች መሐላ በእግዚአብሔር ፊት የሚገባ ቃል ሆኖ፣ ሐኪሙን በታማኝነት መርዳትን ከተስፋዎቹ እንደ አንዱ ያስገባል። በዚህ ምክንያት ለሐኪም መታዘዝ የሃይማኖት ግዴታ መሰለ። ነገር ግን ነገሩን ስንመረምረው፣ ታዛዥነቱ በብዙው የመጣው ከጦር ሰፈርና ከሐኪም ቤት ሥርዓት ነው እንጂ ከወንጌል አይደለም። ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ለማንሣት ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም።

የሃይማኖት ወገን ራሱ ሁልጊዜ በር ከፋች ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መነኮሳይያት በሕክምናና በማዋለድ ሥራ እንዳይገቡ እስከ 1936 ድረስ ያግድ ነበር። ኦስትሪያዊቷ ሐኪም አና ዴንገል በ1925 የሕክምና ሚስዮን እኅቶችን ማኅበር ከመሠረተች በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ተከራክራ ነው እገዳው የተነሣው። የዚህ ማኅበር እኅቶች በ1969 በጉራጌ አገር የአጣጥን ሐኪም ቤት አቋቋሙ፤ በ1970ዎቹም ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቈዩበትን ማረፊያ ሠሩ። መንግሥትም ኋላ እንዲህ ያሉ የእናቶች ማረፊያዎች በየጤና ጣቢያው እንዲሠሩ አድርጓል።

አሁን ወደ ፎገራ አካባቢ እንመለስ። ከወረታ በላይ በደብረ ታቦር የአድቬንቲስት ሚስዮን ከጣልያን ወረራ በፊት ሐኪም ቤት ከፍቶ ነበር። በ1944 የወጣው የሚስዮኖች ደንብ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች በሚበዙበት አገር የውጭ ሚስዮኖች ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ፈቅዶ፣ ሃይማኖት ማስለወጥን ግን ከልክሏል። ሕዝቡ ሚስዮኖችን ጸረ ማርያም ብሎ በሚጠረጥርበት አገር ይህ ደንብ ያልታሰበ ጥቅም ሰጠ። እምነታቸውን በስብከት እንዳይገልጹ የተከለከሉት ሰዎች በእጅ ሥራ ብቻ እንዲገልጹት ተገደዱ። ቁስሉ የታጠበለት ገበሬም የአጣቢዋን ሃይማኖት ሳይወስድ ምግባሯን ወሰደ።

ከሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን መልስ የሚሰጠው የጎንደር ታሪክ ነው። በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን በሚገኘው በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። ደንቢያና ፎገራ የአንድ ሐይቅ ዳርቻዎች ናቸው፤ አንዱን የመታው ለሌላው ማስጠንቀቂያ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ በተገኘ እርዳታ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አቋቋመ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ቈላ ድባም ከመጀመሪያዎቹ ጤና ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በ1961 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተባለው እርሱ ነው።

የጎንደር ኮሌጅ የመንግሥት እንጂ የሚስዮን አልነበረም። ይሁን እንጂ የኅብረተሰብ ነርስነት ሥራ የበሽተኛ ጥየቃን የቀድሞ ልማድ ወደ ሙያ የለወጠ ነበር፤ ነርሷ በሽተኛውን በአልጋ ላይ አትጠብቀውም፣ ከቤቱ ድረስ ሄዳ ታየዋለች። ደግሞም ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ በሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ብትመጣ፣ ነርሷ የምትታዘዘው ሰው ከአጠገቧ የለም። ራሷ ትወስናለች፤ ለውሳኔዋም ራሷ ትጠየቃለች። እንግዲህ በአገራችን የነርስ መሪነት የተወለደው ታዛዥነት በተሰበከበት በትልቁ ሐኪም ቤት ሳይሆን፣ የሚታዘዙት አለቃ በማይገኝበት በቈላው ጤና ጣቢያ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ይህን የሚያጸና ሌላ ማስረጃ አለ። አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤቷ ሬጅ በ1959 በልዕልት ፀሐይ ሐኪም ቤት የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ለማቋቋም መጡ። ሁለቱም ሥራቸውን የክርስትና አገልግሎት አድርገው የያዙ ነበሩ። በ1974 የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሐኪም ቤት መሠረቱ፤ በ2005 በባሕር ዳር ማእከል ተከፈተ፤ የፎገራ ሴትም አዲስ አበባ ድረስ ሳትሄድ ሕክምና የምታገኝበት ቦታ ቀረበላት። በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር የመጡ ሴት ልጆችን በዲግሪ አስተምሮ ወደ መጡበት አገር እንዲመለሱ አደረገ። በዚህ ሥራ መካከል ማሚቱ ጋሼ ትጠቀሳለች። በፊስቱላ ታማ መጥታ፣ ድና፣ በሽተኛ ማስታመም ጀመረች፤ የቀለም ትምህርት ሳይኖራት ከሐኪሞቹ ጎን ቆማ ቀዶ ሕክምናን ተማረች፤ በ1989ም ከሐምሊኖች ጋራ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመች። የተነሣችው መፃጉዕ ሌሎችን የምታነሣ ሆነች ማለት ነው።

አንዳንዶች፣ የነርስነት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የሃይማኖት ቅርሱ መተው አለበት ይላሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። «ዋጋሽ በሰማይ ነው» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ ለደመወዝ ማነስና ለድምፅ መነፈግ ሽፋን ሆኗል፤ እንደዚሁም የአንድ ሃይማኖት ልማድ የሌላውን ተማሪ ሊያገል ይችላል። መልሳችን ግን ቅርሱን በጅምላ መጣል ሳይሆን መለየት ነው። ከበሽተኛው አለመለየትና አለማዳላት ይጠበቁ፤ እነርሱ የክርስቲያኑም የእስላሙም ናቸው። ከጦር ሰፈር የመጣው ታዛዥነት ግን በሃይማኖት ስም አይጠበቅ። በዲግሪ የምትመረቀው ነርስ በጤና ጣቢያ አስተዳደር፣ በመድኃኒት አቅርቦትና በበጀት ላይ ቃሏ እንዲሰማ ያስፈልጋል፤ ይህ ባይሆን አንሥታ የምታደርስበት ውሃ አይኖራትም።

ስለዚህ በዚህ ኮሌጅ የምንማር ሁሉ፣ ነገ በሚኒስቴርም በየአውራጃውም ሥራ የምንይዝ፣ ፎገራን የመሰለ አገር ባሰብን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን አብረን እንጠይቅ፤ በዚያ መድኃኒት አለ ወይ? የሚያነሣ ሰውስ አለ ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሆነችው ሴት «ሲስተር» ስትባል እኅትነቷን ብቻ ሳይሆን ሥልጣኗንም አብረን ልናከብርላት ይገባል።