ቤተ እስራኤላውያን እምነታቸውን ለልጆቻቸው የሚያወርሱት እንዴት ነው?

በአይሁድ እምነት ልጅን በመንፈሳዊ ሕይወት አንጾ ማሳደግ ለምኩራብ ብቻ የሚተው ኃላፊነት አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ወላጆች ትእዛዛቱን በቤትም በመንገድም ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ያዝዛል።

በጎንደር፣ በሰሜንና በትግራይ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ኃላፊነት ለዘመናት የተወጡት በቤት ውስጥ ሥርዓትና በቄሶቻቸው አማካይነት ነው።

ሰንበትና ፋሲካ

የሰንበት ምግብ ዓርብ ተሰናድቶ ያድራል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰውነት ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለበሳል፣ እሳትም ይጠፋል። ሕፃኑ የዕለቱን ቅድስና ከቃል አስቀድሞ በዓይኑ ይማራል። በፋሲካ ደግሞ ቂጣ ይበላል፤ ከግብፅ የመውጣት ታሪክም ይተረካል።

ስግድ

ከማስተሥረያ ቀን 50 ቀናት በኋላ የሚከበረው ስግድ የቃል ኪዳን መታደሻ በዓል ነው። ሕዝቡ ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶች ኦሪትን በግእዝ ያነባሉ፤ ትርጓሜውም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይነገራል። ከጸሎቱ በኋላ ጾሙ ተፈትቶ በኅብረት ይበላል። የኢየሩሳሌም ናፍቆት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው።

የትውልድ ክፍተት

በ1984 እና 1985 እ.አ.አ. በ‘ዘመቻ ሙሴ’፣ በ1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓታት ውስጥ በተጓጓዙበት ‘ዘመቻ ሰሎሞን’ ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሲሄድ ብዙ ታዳጊዎች አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ የተማሩት የረቢዎች ሥርዓት ከወላጆቻቸው ልማድ የተለየ ነበር። ልጆች ዕብራይስጥን ፈጥነው ስለለመዱ ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ፤ አስተማሪ የነበረው አባት ተማሪ ሆነ። በቤት የተወረሰው እምነት ጎደሎ ተደርጎ ሲታይ የልጁ ማንነትም አብሮ ተፈተነ።

የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ክፍተቱን አይሞላም። አያቶች ሰንበትን እንዴት ያከብሩ እንደነበር በማዕድ ዙሪያ የሚተርክ፣ ለልጁ “ለምን?” ባይነት ትዕግሥት ያለውና እርሱ ራሱ የሚጸልይ ወላጅ ግን ለልጁ ሁለቱንም ውርሶች ያለ ኀፍረት የሚይዝበትን መሠረት ይጥልለታል።