የመተማ መንገድና የፍላድ ቤተሰብ

ወንጌልን ለማስተማር ከአገሩ ወጥቶ ወደ ባዕድ አገር የሄደ ሰው ታሪኩ ሲጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የእርሱ የብቻው ስም ነው። ስንት አገር እንደ ዞረ፣ ከማን ጋራ እንደ ተከራከረ፣ ስንት መጽሐፍ እንዳደለ ይነገራል። አብራው የተሰደደችው ሚስቱና በስደት የተወለዱት ልጆቹ ግን ሳይነሡ ይቀራሉ። ነገር ግን የሥራው ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደ ነበረ ልብ ብሎ ለሚመረምር ሰው፣ የዮሐን ማርቲን ፍላድ ቤተሰብ ታሪክ ብዙ ያስተምራልና ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንጽፈዋለን። ዘመኑን የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

መተማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ወደ ሱዳን ሜዳ በሚዘረጋበት ዳርቻ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ከደጋው ቡናና ሰም ይወርድባት ነበር፤ የሰው ልጅም እንደ ከብት ይሸጥባት ነበር። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች ሲሆኑ፣ ሹማቸው በሁለት መንግሥት መካከል ስለሚኖር ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ንዳድ ስለሚነሣባት ደገኛ የሆነ ሰው ሁሉ ይፈራታል። ከዚያው ቆላ ጋራ የሚዋሰነው ቋራ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። ገና ካሣ ይባሉ በነበረበት ጊዜ፣ በ1840 ዓ.ም.፣ በደባርቂ ከግብፆች ጋራ ተዋግተው ድል ሆነው ነበርና፣ ያ ድንበር ለእርሳቸው የጠላት በር ነበር። ከአውሮፓ ለመጡት ሰዎች ደግሞ የወንጌል በር መሰላቸው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው መከራ ሁሉ ካንድ በር ሁለት ነገር ከመጠበቅ የመጣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም ይቀመጥ የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ክራፍንና ወጣቱን ፍላድን ላከ። ንጉሡ የፈለጉት የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎችን ነበር። ክራፍ ሲመለስ በመተማና በሰናር አልፎ ወደ ካርቱም ወረደ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ የክሪሾናን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ስፒትለርም ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በሐዋርያት ስም የሚጠሩ 12 ማረፊያዎችን ለማቆም አሰበ፤ መንገዱም የሐዋርያት መንገድ ተባለ። ከተጀመሩት ጥቂት ማረፊያዎች አንዱ የመተማው ነበር። ነገር ግን የቆላው ንዳድና የገንዘብ እጥረት ስለ በረታ አሳቡ ሳይፈጸም ቀረ።

ፍላድ በ1851 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ሚስቱ ጳውሊና አብራው መጣች። እርስዋም በኢየሩሳሌም በሽተኞችን ታስታምም የነበረች፣ ከጀርመን አገር የዲያቆናውያት ማኅበር የተላከች ሴት ናት። በዓባይ ወንዝ፣ በበረሓና በሱዳን ቆላ አልፈው ደጋውን ወጡ። ሥራቸውም በተለይ በደምቢያና በጎንደር አካባቢ ከሚኖሩት ከቤተ እስራኤል ጋራ ሆነ። በ1852 ዓ.ም. ሄንሪ ስተርን የተባለው ሰባኪ በዚሁ በመተማ በኩል መጥቶ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱና አቡነ ሰላማ የሚያምኑት ሰዎች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ሲሉ ወሰኑ። ይህም ውሳኔ ማስተዋል ያለበት ነበር፤ በክርስቲያን አገር ሌላ መለያየት እንዳይገባ ከለከለ።

በዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ለሰባኪው ደስታ የሆነው ነገር ለቤተ እስራኤል ቤት ኀዘን ነበር። ያመነው ልጅ ከአባቱ ማዕድ ይለያልና። በ1854 ዓ.ም. አባ ማኅሪ የተባሉት መነኵሴ ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ከተከተሏቸውም ብዙዎቹ በራብና በበሽታ በመንገድ ቀሩ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ስለ እምነት የተሰደደው የአውሮፓውያን ቤተሰብ ብቻ አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉ ካሜሮንም ወደ ግብፆች ድንበር ወርዶ መመለሱ ተጠረጠረ። እርሱም፣ ስተርንም፣ ሌሎችም ታሰሩ። ሊያስፈታቸው የተላከው ራሳም በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ደረሰ፤ ንጉሡ ዘንድም በክብር ተቀበሉት፤ ኋላ ግን እርሱም ከእስረኞቹ ጋራ ተቈጠረ። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሠራተኞችን እንዲያመጣ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩት፣ ጳውሊናንና ሦስቱን ልጆች መያዣ አድርገው አስቀሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ቆም ብለህ አስብ። ፍላድ በሐምሌ ለንደን ገባ፤ በንግሥቲቱም ፊት ቀረበ። ሠራተኞችና ዕቃ ይዞ ምጽዋ ቢደርስም፣ እስረኞቹ ሳይፈቱ አይሰጥም ተብሎ ሁሉም በዚያ ቀረ። ስለዚህ የተላከበትን ሳይፈጽም፣ ቍጣ የተጻፈበትን ደብዳቤ ይዞ፣ በ1859 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተመለሰ። በአውሮፓ በሰላም ይቀመጥ ዘንድ መንገዱ ክፍት ነበረ፤ ነገር ግን ቃሉና ቤተሰቡ ጎተቱት። ባልዋ በነገሥታት ፊት ሲቆም፣ ጳውሊና ነገ የሚሆነውን ሳታውቅ ልጆችን ታሳድግ ነበር። ኋላም ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ ቤተሰቡ ከሰፈሩ ጋራ ተጓዘ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ከሌሎቹ ጋራ ነፃ ወጣ።

ከጓደኞቹ አንዱ ዋልድማየር በንጉሡ ቤት የከበረውን የዮሐንስ ቤልን ልጅ ሱዛንን አግብቶ ነበር። እርስዋም በእናትዋ ኢትዮጵያዊት ስትሆን፣ ከመቅደላ በኋላ የትውልድ አገርዋን ትታ ባልዋን ተከትላ ሊባኖስ ገባች፤ በዚያም የብሩማና ትምህርት ቤት ተቋቋመ። እንግዲህ ከአገራችን የወጣች ሴትም በባዕድ አገር የዚህን ሥራ ቀንበር ተሸክማለች።

ዐፄ ዮሐንስ የአውሮፓ ሰባኪዎች እንዳይገቡ በከለከሉ ጊዜ፣ ፍላድ በ1907 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሥራውን ከጀርመን አገር ሆኖ ይረዳ ነበር። በደምቢያ ሥራውን የያዘው ግን ከቤተ እስራኤል ወገን ተወልዶ በፍላድ ቤት ያደገው፣ ኋላም ክሪሾና ሄዶ ተምሮ የተመለሰው ሚካኤል አረጋዊ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በዚያው በምዕራቡ ድንበር ገብተው ደምቢያን ዘረፉ፤ ጎንደርንም ከነአብያተ ክርስቲያናቱ አቃጠሉ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቆስለው በማግሥቱ ዐረፉ። የሐዋርያት መንገድ የተባለው የጦር መንገድ ሆነ። በጳውሊና ማዕድ ያደገው ልጅ ግን ሥራውን አልተወም። ከታሰቡት 12 ማረፊያዎች ይልቅ አንዲት ቤት የበለጠ ፍሬ አፈራች።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ነገር አለው። ቤተ ክርስቲያናችን ባለ ትዳር ካህናት አሏት። ወደ ቋራና ወደ መተማ ቆላ፣ ወይም ከድንበር ማዶ ላሉት ምእመናን አገልጋይ ሲታዘዝ፣ የካህኑ ስም ይጻፋል፤ ደመወዙም ይቈረጣል። ሚስቱ በንዳድ አገር ምን ቤት እንዳገኘች፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ እርሱ ቢሞት ማን እንደሚያሳድጋቸው አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን ማን ነው? የፍላድን ቤተሰብ መያዣ ያደረጉት ንጉሥ በግልጽ አደረጉት። እኛ ግን አገልጋዩን ልከን ቤተሰቡን ብንረሳ፣ ማንም ሳያየን መያዣ አደረግናቸው ማለት ነው። ላኪ የሆነ ሁሉ የሚልከው አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ቤት መሆኑን ይወቅ።