ጭሷ ከመሬት የሚወጣው ከተማ

ወይዘሮ ዊሊያና ሂክማን በ1878 ጸደይ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ካንሳስ ደረሱ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ኤሊስ በሚባለው የባቡር ጣቢያ ከተጓዦቹ ልጆች አንዳንዶቹን ኩፍኝ ስለገደላቸው እዚያው ቀብረዋቸዋል። ከዚያ ዛፍ በሌለበት ሜዳ በፈረስ ጋሪ ሁለት ቀን ተጓዙ። ወንዶቹ ደረስን ብለው ሲጮኹ ወይዘሮዋ ቢያማትሩ ቤት የሚባል ነገር የለም። ባለቤታቸው ከመሬት የሚወጣውን ጭስ አሳዩአቸው፤ ሰዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው እየኖሩ ነበር። ወይዘሮ ዊሊያና አለቀሱ።

ከተማዋ ኒቆዲሞስ ትባላለች። ለእኛ የዐቢይ ጾም ሰባተኛ ሳምንት መጠሪያ የሆነው ስም ነው። በ1877 የቆረቆሯት ጥቁሩ ቄስ ደብሊው ኤች ስሚዝ፣ ነጩ የመሬት ነጋዴ ደብሊው አር ሂል እና አጋሮቻቸው ናቸው። አብዛኞቹ ሰፋሪዎች የመጡት ከኬንታኪ ነው። ባርነት ከቀረ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ነጻ የወጣውም ሰው የሚያርሰው የሌላውን መሬት ነው። የጭሰኝነትን ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ 160 ኤከር፣ በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል ያህል መሬት፣ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ ሰው ይሰጣል መባሉ ለእነሱ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት አይቸገርም።

ወሬውና የጠበቃቸው ግን አልተገናኙም። በመጀመሪያው መከር ከደረሱት ወደ 300 ሰዎች ብዙዎቹ ወዲያው ተመለሱ። የቀሩት በአካፋና በመቆፈሪያ መሬቱን ገለበጡት፤ ፈረስ ያለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ማገዶም ስላልነበረ የጎሽ ኩበትና የሱፍ አበባ አገዳ ለቅመው አነደዱ። በዚያ ክረምት ከአደን ይመለሱ የነበሩ የኦሴጅ ሕንዶች ካላቸው ምግብ አካፈሏቸው። ራሳቸው ከአገራቸው የተገፉ ሰዎች ያደረጉት ይህ ውለታ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከተማዋ ቆመች። ዛካሪ ፍሌቸር ሆቴል ከፈተ፤ ባለቤቱ ጄኒ ልጆች አስተማረች። እዚያ የኖረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። በ1880ዎቹ አጋማሽ የድንጋይ ቤቶች፣ ሱቆች፣ ባንክና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት።

የጎደላት ባቡር ብቻ ነበር። በ1887 ነዋሪዎቹ ሐዲዱን ለመሳብ የ16,000 ዶላር ቦንድ ድምፅ ሰጥተው አጸደቁ። በጉድጓድ ከኖሩ አሥር ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሐዲዱ ግን በ1888 ከሰለሞን ወንዝ በስተደቡብ አለፈ። ወንዙ ማዶ ቦግ የምትባል መንደር ስትበቅል ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ሄደ። እኔ እንደሚመስለኝ ኒቆዲሞስን የጎዳት ከድርቁም ከውርጩም ይልቅ የዚያ ሐዲድ መንገድ ነው። ነጋዴው ሲሄድ ገበሬው ግን መሬቱን ይዞ ቀረ፤ ገበሬውን የበተነው የ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ነው። ፖስታ ቤቱ በ1953፣ ትምህርት ቤቱ በ1960 ተዘጋ። በ2020 ቆጠራ የተገኙት ነዋሪዎች 14 ናቸው።

በሐምሌ መጨረሻ ግን ይህ ቁጥር አይሠራም። የሰፋሪዎቹ የልጅ ልጆች ከየከተማው መኪናቸውን እየነዱ ይመጣሉ። የነጻነት በዓሉ መነሻ እንግሊዝ በካሪቢያን ደሴቶቿ ባርነትን የሻረችበት የ1834 ነሐሴ 1 ሲሆን፣ ኒቆዲሞስ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ታከብረዋለች። ሰልፍ አለ፤ እሑድ ጸሎት አለ። በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተብላ ስትሰየም ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱና በ1939 በኖራ ድንጋይ የተሠራው አዳራሽ አብረው ተመዘገቡ። ከተማውን ለቀው መሬቱን ግን ያልሸጡ ቤተሰቦች አሉ። ጭሱ ይወጣበት በነበረው አካባቢ ዛሬም ስንዴ ይዘራል።