የዘፈቀደ ቁጥር እና መመሪያው

እ.ኤ.አ. በ1955 ራንድ ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም አንድ ሚሊዮን አሃዞችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። 400 ገጾች ከዳር እስከ ዳር በእነዚሁ አሃዞች ተሞልተዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም። የመጽሐፉ ዋጋም እዚሁ ላይ ነው፦ ቀጣዩን አሃዝ ከቀደመው ተነሥቶ ማንም ሊገምተው አይችልም።

ፍላጎቱ ከዚያ በፊትም ነበር። ከብዙ ሕዝብ መካከል ጥቂቱን ያለ አድልዎ መርጦ ማጥናት የሚሻ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዕጣ የሚያወጣበት ቁጥር ያስፈልገዋል። እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ቲፔት እ.ኤ.አ. በ1927 ከሕዝብ ቆጠራ ሪፖርቶች የወሰዳቸውን 41,600 አሃዞች በሰንጠረዥ አሳተመ። በ1940ዎቹ በሎስ አላሞስ ስታኒስላው ኡላም እና ጆን ፎን ኖይማን የኒውትሮኖችን ጉዞ በዘፈቀደ ቁጥር የሚያሰላውን የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ሲያበጁ ግን እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ የሚበቃ አልሆነም።

ራንድ ሥራውን የጀመረው በ1947 ነው። በሴኮንድ ወደ 100,000 የሚጠጉ ምቶችን ያለ ሥርዓት የሚያመነጭ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሠርቶ፣ የወጡትን አሃዞች በካርድ ላይ በሳ። መሣሪያው ሳይስተካከል ለወር ያህል ከሠራ በኋላ በተደረገ ፍተሻ በጎዶሎና በሙሉ ቁጥሮች መካከል መዛባት ታየ። ባለሙያዎቹ ጉድለቱን አልሸሸጉም። የእያንዳንዱን ካርድ አሃዞች ከቀደመው ካርድ አሃዞች ጋር እየደመሩ፣ ከድምሩ የአንድ ቤቱን ብቻ አስቀርተው ሰንጠረዡን አስተካከሉ። ያደረጉትንም ሁሉ በመግቢያው ላይ ጻፉት።

ከዚያ መግቢያ ውስጥ ይበልጥ የሚያስገርመው ስለ ተጠቃሚው የተጻፈው ነው። መጽሐፍ ደጋግሞ አንድ ገጽ ላይ የመከፈት ጠባይ አለው፤ የሰውም ዐይን ወደ ገጹ መሐል ያደላል። ስለዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ የንባብ መነሻ ቦታን ለመወሰን አንዴ ያገለገለ ቁጥር ምልክት እንዲደረግበትና ለዚያ ተግባር ዳግም እንዳይወሰድ አዘዙ። ቁጥሩ ንጹሕ ቢሆንም መራጩ ሊያበላሸው እንደሚችል ቀድመው አይተዋል።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል የደረሰውን ጉዳት ታሪክ መዝግቦታል። በ1960ዎቹ በአይቢኤም ኮምፒውተሮች ላይ የተሠራጨው ራንዱ የተባለ ፕሮግራም፣ የቀደመውን ቁጥር በ65,539 እያባዛ ቀጣዩን ያወጣ ነበር። ተከታታይ ሦስት ሦስት ቁጥሮች በኩብ ውስጥ እንደ ነጥብ ሲቀመጡ ግን ሁሉም በ15 ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ብቻ ተደርድረው ተገኙ። በእሱ ተማምነው የተሠሩ ስሌቶችም ጥርጣሬ ላይ ወደቁ።

ሌላው የዴቢያን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በሊኑክስ ላይ የተመሠረተው የዚህ ሥርዓተ ክወና ባለሙያዎች የፍተሻ ፕሮግራም ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ለማስወገድ ኦፕንኤስኤስኤል ከተባለው የምስጢር ግንኙነት ፕሮግራም ኮድ መስመር አነሡ። የተነሣው መስመር ለምስጢር ቁልፎች የዘፈቀደነት ምንጭ የሚያቀብል ነበር። እስከ 2008 ድረስ፣ በአንድ ዓይነትና መጠን ሊፈጠሩ የሚችሉት ቁልፎች ቁጥር ወደ 32,768 ወርዶ ቆየ፤ ይህን ያህሉን አንድ በአንድ መሞከር ለአጥቂ ቀላል ነው። የመስመሩ ተግባር አጠገቡ በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እጁን የሚሰነዝርበት አይገኝም ነበር።

ዛሬ ተጠቃሚው ራሱ ተለውጧል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር እንዲመርጥ ቢጠየቅ 42ን ወይም 37ን ደጋግሞ ይጠራል። የተማረው ከሰው ጽሑፍ ስለሆነ የሰውን ማዘንበል ወርሷል። ለዚህም ነው ገንቢዎች በራሳቸው ሥራ ለሚያከናውኑ ኤጀንቶች ቁጥር የሚያወጣ መሣሪያ የሚሰጧቸው፤ ኤጀንቱ ቁጥሩን ከራሱ ከመፍጠር ይልቅ መሣሪያውን ይጠራል። መቼና እንዴት እንደሚጠራው የሚያውቀው ደግሞ ከመሣሪያው ጋር ከተጻፈለት መግለጫ ነው። የራንድ መግቢያ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ተጻፈ፤ የአሁኑ መመሪያ አንባቢ ማሽን ሆኗል።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ በኮምፒውተር የወጣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ያልቆጠቡ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ተካተው በመገኘታቸው ተሰርዟል። ቤት ለዓመታት የጠበቀ ቆጣቢ የሚያምነው ዕጣ፣ ከመረጃው መነሻ እስከ ውጤቱ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ የተመዘገበለትና ሌላ ሰው ሊፈትሸው የሚችለው ነው።

ስለዚህ ለኤጀንት የዘፈቀደ ቁጥር መሣሪያ የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎቻችን አራት ነገሮችን በግልጽ ይጻፉ፦ ትንሹና ትልቁ ወሰን ራሳቸው ይካተቱ እንደሆነ፣ ቁጥሩ ከምን ምንጭ እንደሚወጣ፣ ለፍተሻ ያንኑ ውጤት ደግሞ ማውጣት ይቻል እንደሆነ፣ ለምስጢር ቁልፍም ይሆን እንደሆነ። የራንድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1955 በወረቀት ላይ ይህን ያህል ተጠንቅቀው ከጻፉ፣ ዛሬ ሰነድ ሳያዘጋጁ መሣሪያ ለሕዝብ መልቀቅ ምክንያት አይኖረውም።