እምቦጭ

እምቦጭ በውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር፣ ነፋስና ማዕበል ወደ ገፉት የሚሄድ አረም ነው። የትውልድ ቦታው የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን እዚያ ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ደኑን ያጥለቀልቃል፤ መልሶም ይጎድላል። እምቦጭም ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ እያለ መኖር ለምዷል። በዚያው አካባቢ ደን ውስጥ «ይራመዳል» የሚባልለት ዘንባባ አለ፤ እሱ ግን ከበቀለበት ንቅንቅ አይልም። የጉዞውን ዝና ለእምቦጭ መስጠት ይሻላል።

የቅጠሉ ዘንግ ከግርጌው ያበጠ ነው፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ በአየር ክፍተቶች የተሞላ ሆኖ ይገኛል። የሚያንሳፍፈው ይኸው ነው። ሰፊው ቅጠል ደግሞ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ከእናቲቱ ተክል ጎን የሚወጣው ሐረግ ጫፉ ላይ ልጅ ያበቅላል፤ ሐረጉ ሲበጠስ ልጁ ለብቻው ጉዞ ይጀምራል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ከአገር አገር ያዞረው ግን ሰው ነው፤ ሐምራዊ አበባውን ወዶ ለጌጥ ወሰደው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ። ጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ተነሥቶ የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ወረዳዎችን አዳረሰ። ክምችቱ የበዛው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በመሆኑ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ የጉዳቱን ልክ ላይረዳ ይችላል። ደምቢያና ፎገራ ላይ ግን ታንኳ መውጫ ያጣል፣ መረብ ይተበተባል። ከአረሙ ሥር ብርሃንና ኦክስጅን ስለሚያንስ ቀረሶና አምባዛም ይቸገራሉ። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ አረሙ ጭቃው ላይ ሥር ሰዶ የእርሻና የግጦሽ መሬት ይይዛል።

ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ማሽኖችም ተሰማርተዋል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሰፊ ዘመቻ ተካሂዷል። ችግሩ የጸዳውን ዳርቻ ነፋሱ መልሶ ሊሞላው መቻሉ ነው። ተነቅሎ ከውሃው አጠገብ የተከመረውንም ክረምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ሊወስደው ይችላል፤ ስለዚህ አርቆ ማድረቅና ማቃጠል ከመንቀሉ እኩል ሥራ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መነሻቸው ደቡብ አሜሪካ የሆነ ሁለት የጢንዚዛ ዝርያዎች ተለቀው አረሙን ለጊዜው አዳክመውታል። ይሁንና የመገጭ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ከእርሻና ከከተማ አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ጠርገው ወደ ጣና እስካስገቡ ድረስ እምቦጭ ቀለቡ አይቋረጥበትም።